የምድር ቤቱ ውል

ሰፈሩ «እንፋሎት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከመንገድ ማዶ የነበረው ጫማ ሰፊ ነው፤ ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ ትበርዳለች ብሎ። እሷም አልተቀየመችም። ይባስ ብላ ቀለም ቀቢ ጠርታ በሩ ላይ «እንፋሎት ላውንደሪ» ብላ አስጻፈችው።

ከዚያ በፊት የሰው ተቀጣሪ ነበረች። ወጣትነቷ ያለቀው በአንድ ትልቅ ሆቴል ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ስትተኩስ ነው። ውጭ ዝናብ መኖሩን የምታውቀው ከላይ የሚወርድ ሰው ጫማው ረጥቦ ስታይ ነበር። ስለዚህ ለራሷ ልትሠራ ስትነሳ ቤት የመረጠችው በመስኮቱ ነው። የዳይሬክተሩ ምድር ቤት መንገዱን ሙሉ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ነበረው። የማይከፈት መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

ዳይሬክተሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ፎቁ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የአምስት ዓመቱን ውል በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ እሷን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱን አንቀጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላት። አንዱ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ከዘመኑ በፊት የሚለቅ ተከራይ የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ አለዚያ የቀሪውን ዘመን ኪራይ በሙሉ ይከፍላል። ገባሽ ልጄ?»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

«ዝም ብለሽ ራስሽን አትነቅንቂ። ምን አልኩ?»

እንደ ተማሪ ደገመችላቸው። ደስ ብሏቸው ፈረሙ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰላም ነበሩ። ዳይሬክተሩ ጠዋት ጠዋት ወርደው መስኮቱ ሥር ይቀመጡና ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነባሉ። አድማጫቸው ተኳሹ ነው፤ ሸሚዝና ሱሪ የሚተኩስላት ቀጭን፣ ደረቱ የሚያፍነው፣ ወሬ የሚወድ ሰው። የወደፊት አማቱ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ተኳሽ ነኝ» ብሎ፣ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ኋላ እንደሳቡ፣ ካውያ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ሠርጉ ሊፈርስ እንደነበር ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ ያወራል። ዳይሬክተሩ ቀልዱን በሰሙት ቁጥር ይስቃሉ። ቆይቶ ግን እንደ አዲስ እየሰሙት መሆኑን እንፋሎት አስተዋለች።

አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ቀሚስ ከመስቀያው ጠፋ። ፎቅ ወጥታ ስታንኳኳ ቀሚሱ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ የሟች ባለቤታቸው ጫማ ተደርድሮ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የደንበኛ ነው።»

«የባለቤቴ ነው። እሁድ ትለብሰዋለች» አሏት፣ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር ሳይታይ።

ወርዳ ለደንበኛዋ እድፉ አልለቀቀም ብላ ዋሸች። በነጋታው ራሳቸው ይዘውት መጡ። «ደንበኛሽ ረስታው ሄዳለች፤ ተጠንቀቂ እንጂ።» አንጀቷን በሉት። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ በየጊዜው መልኩን ይቀይር ጀመር። የትርፍ ቁልፍ ስላላቸው በማንኛውም ሰዓት ይገባሉ። ማሽኑን ያጠፋሉ። የደንበኛ ልብስ ከውሃ ውስጥ እያወጡ ወለል ላይ ይደረድራሉ። እንፋሎት ከተማው ዳር ፋርማሲ ለምትሠራው ልጃቸው ስልክ ደወለች።

«አባቴ ድሮም ቀልደኛ ነው» አለቻት ፋርማሲስቷ። «እሁድ እሁድ እየመጣሁ አብሬው ነው የምውለው። የአንደኛ ክፍል ውጤቴን ሳይቀር በቃሉ ነው የሚነግረኝ። እሱን ነው ዘነጋ የምትዪኝ?»

እንፋሎት ስልኩን ዘጋችና ምናልባት እኔ አጋንኜው ይሆናል ብላ ራሷን ወቀሰች።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ለፍሳሽ ቱቦ ተቆፈረ። ጫማ ሰፊው ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ጥግ ሄደ፤ አላፊ አግዳሚው ጠፋ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቆፋሪዎቹ ሊበሉ ሄደው ሳሉ፣ እሷና ተኳሹ አቧራውን ፈርተው የብረቱን በር ገርበብ አድርገው ይሠሩ ነበር። በሩ ድንገት ድርግም አለ። ቀጥሎ የጓጉንቸር ድምፅ ተሰማ። ወዲያው መብራቱ ጠፋ፤ ቆጣሪው ውጭ ነው። አየር የሚያወጣው ቬንትሌተር እየተንገዳገደ ቆመ።

ለካውያው እንፋሎት የሚያፈላው ቦይለር ግን በጋዝ ነው የሚሠራው። ሮጣ ጋዙን ዘጋችው። ይሁንና ውስጡ የታመቀው እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል። ትንሽ ቆይቶ የቦይለሩ ማስተንፈሻ ራሱ ተከፈተና እያፏጨ ክፍሉን ይሞላው ጀመር። የጓሮው በር ጋ ሄደች፤ እሱም ከውጭ ተቆልፏል።

«እትዬ፣ መስታወቱን ልስበረው» አለ ተኳሹ ካውያውን አንስቶ። ማሳል ጀምሯል።

«ቆይ!»

ከመስታወቱ ወዲያ፣ ልክ ከሥሩ፣ ዳይሬክተሩ ወንበር አውጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ነጭ ፀጉራቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቢሰበር ስባሪው የሚወርደው አንገታቸው ላይ ነው። በጡጫ ደበደበችው፤ ዞር አላሉም። ልጃቸው ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ወደ በሩ ሄዳ አፏን ከስንጥቁ ላይ ለጠፈች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ክፈቱልን።»

«ፖሊስ እስኪመጣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ሌቦች።»

«ጋሼ፣ ላውንደሪዋ ነኝ እኮ። ልጅዎ።»

«ላውንደሪ የሚባል ነገር እዚህ የለም። ይህ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ነው።»

ከኋላዋ የተኳሹ ሳል ወደ ፉጨት ተለወጠ። መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መሬቱ ጋ አየሩ ይሻላል። በውሃ የነከረችውን ፎጣ ፊቱ ላይ ጣለችለት። የትምህርት ቤቱ መጋዘን ያሉት ግን ጆሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ ጋ ካልመጡ እኔ እሳቸው ጋ ልሂድ እንጂ ብላ አሰበች፤ ኋላ ለተኳሹ እንዲህ ነው የነገረችው። የመስቀያ ብረት አነሳችና የበሩን ብረት ቀስ እያለች፣ እኩል እኩል እያደረገች መምታት ያዘች።

«የዕረፍት ደወል ነው ዳይሬክተር» አለች ድምጿን አስተካክላ። «ልጆቹን ያስወጡልን።»

ወንበሩ ተንቋቋ። እሷ መምታቷን አላቋረጠችም። ቁልፉ ጓጉንቸሩን ሲፈልግ፣ ሲስት፣ እንደገና ሲፈልግ ሰማች። በሩ ተከፈተ።

«አትጋፉ» አሉ ዳይሬክተሩ። «በሰልፍ።»

እሷ ተኳሹን ከፊቷ አስቀድማ በሰልፍ ወጡ። ሁለቱም ከእንፋሎቱ የተነሳ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ሁለት ብቻ? ሌሎቹስ?»

«ወደ ቤታቸው ሄደዋል ጋሼ» አለች እንፋሎት። ከዚያ የተቆፈረው አፈር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጋዜጣቸውን ይዘው ወረዱ። ግድግዳው ለምን ወረዛ ብለው ተቆጡ። ትናንት የሚባለው ቀን እሳቸው ጋ የለም። ተኳሹ በሩ ላይ ቆሞ አልገባ ብሏል።

«ጋሼ፣ ቤቱን ልለቅ ነው» አለቻቸው።

ጋዜጣውን አጠፉት። ያን ጠዋት አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነበር። «ምክንያትሽ?»

ስለ ትናንቱ ልትነግራቸው አልደፈረችም። «ቤቱ ጠበበኝ።»

«ባለፈው ወር ሰፋኝ፣ ጥጉን ላከራየው ብለሽ ነበር።»

«ደንበኛም ቀንሷል።»

«መንገዱ ሲያልቅ ይመለሳል። ልጄ፣ ውል የተጻፈው ልብሽ በተለወጠ ቁጥር እንድትነሺ አይደለም። እውነተኛ ምክንያት ሲኖርሽ ነይ።» ተነስተው ደረጃውን ወጡ። እሷ እዚያው ቀረች፤ እውነተኛውን ምክንያት ለራሳቸው ለዳይሬክተሩ መንገር እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ።

ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃው ውሉን ሁለቴ አነበበና ፂሙን እያሻሸ፣ «ችግሩ ይሄ ነው» አላት። «ሰውየው ጤነኛ ናቸው ካልሽ የምትወጪበት ምክንያት የለሽም። ጤነኛ አይደሉም ካልሽ ደግሞ የሚፈርሙልሽ ፈቃድ ነገ ውድቅ ነው ሊባል ይችላል። ልጃቸው አብራ ብትፈርም ግን ተከራካሪ አይኖርብሽም። እሷን አሳምኚ።»

ፋርማሲው በሰው ተሞልቶ ነበር። እንፋሎት ወረፋ ይዛ፣ ተራዋ ሲደርስ ከመስኮቱ በታች ባለችው ቀዳዳ የጓጉንቸሩን ነገር ተናገረች። የፋርማሲስቷ ፊት እየተቋጠረ ሄደ።

«ሳትጨርሺ እኔ ልጨርስልሽ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መንገዱ ተቆፈረ፣ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ከውል መውጫ ቀዳዳ አጣሽ። ስለዚህ አባቴን እብድ ልታሰኚ መጣሽ።»

«ተኳሹን ጠይቂው። ሊሞት ነበር።»

«ደሞዙን የምትከፍዪውን ሰው ነው የምጠይቀው?» ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ «አንቺ» ስትላት ኖራ ንግግሯን ቀየረች። «ተተኪ ተከራይ ካመጡ አባቴም ይፈርማል፣ እኔም እፈርማለሁ። ካላመጡ ውሉ የሚለውን ይከፍላሉ። ቀጣይ።»

ያ «እርስዎ» ከስድብ የባሰ ነበር። እንፋሎት ግሏት ወጣች፤ አውቶቡስ ላይ ሳለች በረደች፤ ቤቷ ስትደርስ ተተኪ መፈለግ ጀመረች።

እስኪገኝ ድረስ ሥራው አልቆመም፤ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። የመተኮሻውን ጠረጴዛ አዙራ ፊቷን ወደ በሩ አደረገች። ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ እጇ ባለበት ይደርቃል። ተኳሹ በሩ በድንጋይ ካልተደገፈ አይሠራም፤ ብርዱም አቧራውም ይግባ እንጂ አለ። ሁለት ጊዜ ያጠበችውን ሸሚዝ ለሦስተኛ ጊዜ ማጠብ የዘወትር ሥራ ሆነ።

የተገኘው ፍራሽ ነጋዴ ነው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ «እኔ የምሸጠው እንቅልፍ ነው» እያለ የሚስቅ ሰው። ቤቱን ሊያይ የመጣ ቀን ፋርማሲስቷም መጣች። ዳይሬክተሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው ወረዱ። ሰላምታቸው፣ አነጋገራቸው፣ ሁሉ ነገራቸው ሙሉ ነበር። ልጃቸው እንፋሎትን በዓይኗ ወጋቻት፤ አየሽ ማለቷ ነው።

ነጋዴው ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ዞረ። ወለሉን በጫማው ተረከዝ መታው። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀ። ተስማማው።

«ሱቁ ላይ የምትውለው ባለቤቴ ናት» አለ። «ትንሿን ልጃችንን እዚሁ ፍራሽ ላይ አስተኝታ ትሸጣለች። እኔ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ።» ወደ እንፋሎት ዞረ። «የኔ እህት፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤቱ እንዲህ ደህና ከሆነ አንቺ ለምን ትለቂያለሽ?»

መልሱ ቀላል ነበር። ወደ ሌላ ሰፈር ልሄድ ነው ብትል በዚያው ተፈራርመው፣ እሷ ነፃ ነች። ፋርማሲስቷ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። ተኳሹ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። እንፋሎት ወደ ብረቱ በር ዞር አለች። የተቆለፈ በር፣ ጣሪያ የደረሰ ፍራሽ፣ ከመሃሉ አንዲት ሕፃን ታዩዋት።

«ጋሼ አሟቸዋል» አለች። «ሁሉ ቀን አይደለም። አንዳንድ ቀን። ቁልፍ አላቸው፤ አንድ ቀን ከውጭ ቆለፉብን። ቤቱን ብትወስደው መጀመሪያ ቁልፉን ቀይር።»

ፋርማሲስቷ እየጮኸች አይደለም የተናገረችው፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ፊቱ ቆመሽ? አባቴ ፊት ቆመሽ?»

ነጋዴው አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ሴቶቹን አየ። ባለቤቴን ላማክር አለ። እየተጫወተ እየሳቀ የገባው ሰውዬ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ሆነ።

ዳይሬክተሩ ግን አልተንቀሳቀሱም። «ማንን ነው የቆለፍኩት?» አሉ።

«እኔንና ተኳሹን ጋሼ።»

ወደ ተኳሹ ዞሩ። ተኳሹ ቀና ሳይል ራሱን ነቀነቀ።

«አባ፣ አትስማት» አለች ልጃቸው።

«ቆይ ልጄ። ባለፈው ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ቤቴ ጠፋኝ። ይሄ ቤት። ስዞር ስዞር አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ይዞ አደረሰኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» ክራቫታቸውን ፈቱት፤ ለመፍታት ጣታቸው ብዙ ታገለ። «እሁድ ስትመጪ ምንም እንዳይጠፋኝ ቅዳሜን ሙሉ ቀን ሳጠና ነው የምውለው። ውጤትሽን፣ የጓደኞችሽን ስም፣ እናትሽ ያረፈችበትን ቀን። ወረቀት ላይ ጽፌ አጠናለሁ። ሰኞ ሲሆን ደክሞኝ ምንም አልቀረኝም።»

ፋርማሲስቷ የቆሸሸ ልብስ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ነጩን ጋዎኗን እንደለበሰች መጥታ ነበር፤ ጫፉን ጨበጠችው። እንፋሎት ወደ ጓሮ ሄዳ ማሽኑን አጠፋች፤ የማሽኑ ድምፅ ነውር መስሎ ታያት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ አላለቀም። ፋርማሲስቷ አባቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ ከዚያ ሞግዚታቸው እንድትሆን ፍርድ ቤት አመለከተች። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። እሷም ዕቃዋን ጠቅልላ ፎቁ ላይ ገባች፤ ጓጉንቸሮቹን ቀየረች፤ የትርፍ ቁልፉን አምጥታ እንፋሎት እጅ ላይ አስቀመጠች።

«አሁን እኔ አለሁ» አለቻት። «ውልሽን ጨርሺ። ሰው አላምን ብዬ በደልኩሽ።»

እንፋሎት አሰበችበት። መስኮቱን ትወደዋለች፤ ደንበኞቿም በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። «ልቆይ ብዬ ሞክሬያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ቁልፍ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይወጣል። እንዲህ ሆኜ ሥራ አልሠራም።»

ይህን ስትሰማ ፋርማሲስቷ እንደገና ጠነከረች። የሐኪምና የጠባቂ ወጪ አለባት፤ ባዶ ቤት ይዛ መቀመጥ አትችልም። ግማሹን ዘመን ክፈዪ አለቻት። እንፋሎት ጋለች፤ ተኳሹ በእንፋሎቱ ታፍኖ ሞቶ ቢሆን ስንት ትከፍዪኝ ነበር ብላ ደረጃው ላይ ጮኸች። ሁለቱም ለጥቂት ቀን ተኮራረፉ። በመጨረሻ የተስማሙት የፍርድ ቤቱ ወረቀት በወጣ ሰሞን ነው፤ እንፋሎት ስትገባ በመያዣ ያስያዘችው ገንዘብ ለቦይለሩ ቱቦ ለተበሱት ቀዳዳዎችና ለወረዛው ግድግዳ ማደሻ ይቅር፣ የቀረው ዘመን ይሰረዝ። ለእንፋሎት በዝቶባታል፤ ጥርሷን ነክሳ ፈረመች። ፋርማሲስቷም በአባቷ ስም ፈረመች፤ የአባቷን ስም ስትጽፍ ብዕሯ ለአፍታ ቆሞ ነበር።

ቦይለሩ በገባበት በር አልወጣ አለ። አናጢ መጥቶ መቃኑን ነቀለ። አራት ሸካሚዎች ግራ ቀኝ እያሉ ሲታገሉ ዳይሬክተሩ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ሁካታው ደስ ያላቸው ይመስላል። እጃቸውን አንስተው ያዝዙ ጀመር፤ ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ጣታችሁን ጠብቁ። ሸካሚዎቹም ታዘዙ፤ እውነትም በዚያ አቅጣጫ ነው የወጣው።

ከዚያ እንፋሎትን አዩዋት፤ ፈገግ አሉ። «አዲሷ ተከራይ አንቺ ነሽ?»

ፋርማሲስቷ ፊቷን አዞረች።

«አዎ ጋሼ» አለች እንፋሎት።

«ቤቱ ደህና ቤት ነው። መስኮቱ ብርሃን ያስገባል። ሥራሽ ይቅናሽ ልጄ።»

«አሜን» አለቻቸው፤ እጃቸውንም በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

አሁን ከገበያው ጀርባ፣ በአንዲት ባለ ግሮሰሪ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ትሠራለች። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በበርሜል ታጠራቅማለች። ከድሮ ደንበኞቿ የተከተሏት ግማሹ ናቸው። ተኳሹ ክፍሉ ጠበበ ብሎ ያጉረመርማል፤ ስለ አማቱ የሚያወራውን ግን ለአዲሶቹ ደንበኞች እንደገና ጀምሯል። አንዳንድ ቅዳሜ እንፋሎት ሥራዋን ቀደም ብላ ትዘጋና ወደ ድሮው ሰፈር ትሄዳለች። ፎቁ ላይ ወጥታ ከዳይሬክተሩ ጋር ትንሽ ተቀምጣ ትመለሳለች። አንዳንዴ ያውቋታል፣ አንዳንዴ አያውቋትም።